ነፋሱን ፊት ለፊት ይዞ የሚወረውር ማን ነው?

ኪዳናዊት በሀርጌሳ ሁለት መዝገብ ትይዝ ነበር። አንደኛው የእንጀራዋ ነው። በአየር ማረፊያው ጥግ፣ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ትንንሽ አውሮፕላኖች በሚያርፉበት በኩል፣ የሬዲዮ ክፍል አላት። በየሰዓቱ ወጥታ ነፋሱን ትለካለች፣ ደመናውን ታያለች፣ ገብታ ትጽፋለች፤ ከዚያ ለአብራሪዎቹ ትነግራቸዋለች። ሁለተኛው መዝገብ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ነው፤ እሱ የክሪኬት ነው።

ከድሬዳዋ የመጣች፣ አርባ ዓመት የሞላት፣ በዕድሜዋ አንዲት ኳስ ወርውራ የማታውቅ ሴት እንዴት የክሪኬት መዝገብ ያዥ ሆነች? አንድ ዓርብ ሜዳው ዳር ተቀምጣ ስታይ መዝገብ ያዡ ታመመና "እስኪ ለዛሬ አንቺ ያዢልን" አሏት። ያዘች። ከዚያ ወዲያ መዝገቡን የሚቀበላት ሰው አልተገኘም፤ ቢገኝም አትሰጥም ነበር።

ጊዜው 1994 ዓ.ም. ነው። ሀርጌሳ ጣራዋን እየመለሰች ነበር። አምና ባዶ ግድግዳ በቆመበት ቦታ ዘንድሮ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ ብሎኬት የጫኑ መኪኖች ከማለዳ ጀምሮ ይመላለሳሉ። ጉድጓድ ለመቆፈር፣ ፈንጂ ለማምከን፣ ጄኔሬተር ለመጠገን ከስሪላንካ፣ ከፓኪስታን፣ ከህንድና ከኬንያ የመጡ ሰዎች ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ሦስት ሆነው ከተገናኙ ክሪኬት ይጫወታሉ። የበርበራ ወደብ ሠራተኞችም የራሳቸው ቡድን ነበራቸው፤ በሐምሌ የበርበራ ሙቀት ስለማይቻል ወደ ሀርጌሳ ወጥተው ይገጥማሉ።

ጨዋታው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ሁለት ጫፍ አለ፤ በሁለቱም ጫፍ ሦስት ሦስት እንጨት ተተክሏል። ወርዋሪው ከአንዱ ጫፍ ሆኖ፣ ክንዱን ሳያጥፍ፣ በወዲያኛው ጫፍ ያሉትን እንጨቶች ለመጣል ይወረውራል። መቺው እንጨቶቹን እየጠበቀ ኳሷን ይመታል፤ ርቃ ከሄደች ሮጦ ነጥብ ይሰበስባል። እንጨቱ ከወደቀ ወይም የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተቀለበች ይወጣል፤ አሥር ሰው ሲወጣ የቡድኑ ተራ ያበቃል። አንድ ሰው ስድስት ኳስ ከወረወረ በኋላ ሌላው ደግሞ ከተቃራኒው ጫፍ ስድስት ይወረውራል። ደስ የሚለው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ቡድኑ ሁልጊዜ ከሁለት አቅጣጫ የሚወረውሩ ሰዎች ያስፈልጉታል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ አንደኛው ነፋሱን ከጀርባው፣ ሌላኛው በፊቱ ይዞ መወርወሩ ነው።

የጨዋታው ትልቁ ዓይነት ቴስት ይባላል፤ አምስት ቀን ይፈጃል። ሀርጌሳ ውስጥ አምስት ቀን ሥራ የሚፈታ ስለሌለ የእነሱ ቴስት ሁለት ዓርብ ነበር፤ በእያንዳንዱ ዓርብ ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ ይመታሉ፣ የሁለቱ ዓርብ ነጥብ ይደመራል። የዚያ ዓመት ውድድር ሦስት ግጥሚያ ነበረው። የመጀመሪያውን ሀርጌሳ፣ ሁለተኛውን በርበራ አሸንፈው ሦስተኛው ቀረ።

ለዚህኛው ግጥሚያ ቡድን ሲመረጥ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስት ሰዎች በሬዲዮ ክፍሉ በረንዳ ተቀመጡ። አምበሉ ሊዮን የስሪላንካ ሰው፣ የጉድጓድ ቁፋሮ መሐንዲስ ነው፤ ብዙ ይሰማል፣ ጥቂት ይናገራል። አየነው የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ ናይሮቢ አድጎ ክሪኬትን በትምህርት ቤት የተማረ፣ የቡድኑ ፈጣን ወርዋሪ፣ ድምፁም እንደ ኳሱ። ሦስተኛዋ ኪዳናዊት ናት። የመምረጥ ድምፅ የላትም፤ መዝገቡን ይዛ ነው የመጣችው።

አሥር ስም ያለ ክርክር ተጻፈ። ክርክሩ በአሥራ አንደኛው ሰው ላይ ሆነ።

"ሦስተኛ ፈጣን ወርዋሪ ያስፈልገናል" አለ አየነው። "ኬንያዊው ልጅ ይግባ፤ አለቀ።"

"ጁሀር ይግባ" አለች ኪዳናዊት።

ጁሀር ከበርበራ ወደ ሀርጌሳ የጭነት መኪና የሚነዳ የሐረር ልጅ ነው። ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቅ ከፓኪስታን መርከበኞች ጋር እየተጫወተ ነው መወርወር የተማረው። ኳሱ ቀርፋፋ ነው፤ ግን በጣቶቹ ስለሚያሽከረክረው መሬት ሲነካ ወደ ጎን ይታጠፋል። በሁለተኛው ግጥሚያ፣ በግንብ በታጠረ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ በስድስት ኳስ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ነጥብ አስመትቷል። ይህን ያልሰማ ሰው አልነበረም።

"ያ ልጅ?" አየነው ሳቀ። "ኳሱ እኮ ዳገት ላይ እንዳለች መኪናው ናት፤ መቺው ሻይ ጠጥቶ ይደርስባታል።"

ኪዳናዊት መዝገቡን ገለጠች። እዚህ ላይ የእሷን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ሌላ መዝገብ ያዥ ነጥብ ብቻ ይጽፋል። እሷ ግን የሬዲዮ ሰው ናትና ከየኳሱ ጎን ሰዓቱንና የተወረወረበትን ጫፍ (የሜዳቸው አንዱ ጫፍ በግራር ዛፍ፣ ሌላው በመንገድ ያልቃል)፣ ከየሰዓቱ ጎን ደግሞ ነፋሱን ትጽፋለች። ማንም አልጠየቃትም፤ እጇ ለምዶ ነው።

"የመጀመሪያው ግጥሚያ ነገም በምንጫወትበት ሜዳ ላይ ነበር" አለች። "በርበራዎች አንድ መቶ ሃምሳ መቱ። ከዚህ ውስጥ አንድ መቶ አራቱ ከግራሩ ጫፍ በተወረወሩ ኳሶች የተመቱ ናቸው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከመንገዱ በኩል ይመጣል፤ ከግራሩ ጫፍ የሚወረውር ነፋሱን በፊቱ ይቀበላል። ፈጣን ወርዋሪ እዚያ ሲሮጥ ይደክመዋል፣ ሲደክመው ይሳሳታል። ጁሀር ግን ከዚያው ጫፍ ሃያ አራት ኳስ ወርውሮ ስድስት ነጥብ ብቻ ነው ያስመታው። ነፋሱ ቀርፋፋ ኳስን አየር ላይ ያንሳፍፋል፤ መቺው መጣች ሲል ሳትደርስ ትወርዳለች።"

"እና የትምህርት ቤቱ አሥራ ዘጠኝስ?"

"እዚያ ነፋስ አልነበረም። ይኸው፣ ተጽፏል።"

ሊዮን መዝገቡን ወደ ራሱ ስቦ ለረጅም ጊዜ አየ። "እርግጠኛ ነሽ?"

ኪዳናዊት በሬዲዮ ክፍል ውስጥ ስምንት ዓመት "እርግጠኛ ነኝ" እያለች ኖራለች፤ አውሮፕላን የሚያርፈው በእሱ ነው። "ጁሀር ካልጠቀመ" አለች፣ "ሰማያዊውን መዝገብ ለሌላ ሰው አስረክባለሁ።"

አየነው ሳቁን ተወ። መዝገቡ ለእሷ ምን እንደሆነ ያውቃል። የጁሀር ስም ተጻፈ።

የመጀመሪያው ዓርብ ደረሰ። ሀርጌሳ በጠዋት 141 መታ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ በርበራዎች ሲመቱ አየነው ነፋሱን ከጀርባው እንዲይዝ ከመንገዱ ጫፍ፣ ጁሀር ከግራሩ ጫፍ ተመደቡ። ሁሉም እንደታቀደው ነበር፤ የጁሀር ኳስ ብቻ እንደታቀደው አልሆነም። አልተንሳፈፈችም፣ አልወረደችም፤ ቀጥ ብላ መጥታ መቺው እግር ስር እየተቀመጠች፣ እየተመታች የእሾህ አጥሩን ትሻገራለች። በሠላሳ ኳስ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ተመታበት፤ አንድም ሰው አላስወጣም። ሊዮን ከመወርወር አሳረፈው። አየነውም ቢሆን ላብ በላብ ሆኖ፣ እንደ ሌላ ጊዜው አልፈጠነም። በርበራ 163 ገባለት።

"እትዬ ኪዳናዊት፣ አዋረድኩሽ" አለ ጁሀር አጠገቧ ቁጭ ብሎ። "ወላሂ እጄ ያው ነው። ኳሷ ናት እምቢ ያለችኝ።"

"መኪናዋ ዳገቱን ጨርሳ ቁልቁለት ጀመረች መሰል" አለ አየነው በዚያ ሲያልፍ።

"ጋሼ፣ የኔ ብትዘገይም ትደርሳለች። ያንተን የመጨረሻዋን ግን እስካሁን ከእሾሁ ውስጥ እየፈለጓት ነው።"

ኪዳናዊት አልሳቀችም። ዓይኗ ሌላ ነገር ላይ ነበር። ራሕሞ ሜዳው ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ናት፤ የስደት ዘመኗን ጅጅጋ ስላሳለፈች አማርኛዋ የተባ ነው። ከሰሏ እንዳይበተንባት ሁልጊዜ በመንገዱ በኩል ጆንያ ትጋርዳለች። ዛሬ ጆንያው በግራሩ በኩል ተወጥሯል።

"ራሕሞ፣ ጆንያሽን ለምን አዞርሽው?"

"አባዮ፣ ነፋሱ ዞረ፤ እኔም አዞርኩ" አለች ራሕሞ፣ ለእህት እንደሚባለው በሶማሊኛ እየጠራቻት። "ያ ግንብ ከተዘጋ ጀምሮ ጭሱ ወደ መንገዱ ነው የሚሄደው። አላየሽም እንዴ? መንገድሽ አይደል?"

ኪዳናዊት ቀና ብላ አየች። ከመንገዱ ጫፍ ባሻገር ባለ ሁለት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል። በመጀመሪያው ግጥሚያ ጊዜ ዓምዶቹ ብቻ ነበሩ፤ ነፋሱ በመካከላቸው ያልፍ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ብሎኬቱ ተደረደረ። በየማለዳው በሚኒባስ ስታልፍ አይታዋለች፤ "እንዴት ፈጥኖ አለቀ" ብላ ተደስታበታለች። ያም ሆኖ ያን ዕለት በሰማያዊው መዝገብ የጻፈችው ነፋስ፣ እንደ ወትሮው፣ ከአየር ማረፊያው መለኪያ የተገለበጠ ነበር፤ ገላጣ ቦታ ላይ፣ ከክሪኬት ሜዳው ግማሽ ኪሎ ሜትር ርቆ ከተተከለው። ለተለማማጆች መጀመሪያ የምታስተምረው ደንብ "ባልቆምክበት ቦታ ያለውን ነፋስ አትጻፍ" የሚል ነው።

ሰው ሳይበተን ሊዮንና አየነው ፊት ቆመች። "ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የጁሀር አይደለም" አለች። "የሌላ ቦታ ነፋስ ነው የሰጠኋችሁ። መዝገቡን ለማስረከብ ቃል ገብቻለሁ፤ አስረክባለሁ። ግን ግጥሚያው አላለቀም። እስከሚቀጥለው ዓርብ ተዉልኝ።"

አየነው አፉን ሊከፍት ሲል ሊዮን "ተውንልሽ" አለ።

ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ኪዳናዊት ከሥራ ስትወጣ ቤቷ አልሄደችም። አሥራ ሁለት ዱላ ከመንገዱ ጫፍ እስከ ግራሩ ጫፍ ተከለች፤ በየዱላው አናት ከአሮጌ ነጠላዋ የቀደደችውን ጥብጣብ አሰረች። በየሩብ ሰዓቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደች የጥብጣቡን አቅጣጫ ጻፈች። የሚያልፉት የሚኒባስ ረዳቶች ድንኳን የምትተክል መስሏቸው "ሠርጉ መቼ ነው?" እያሉ ይጮሁባት ነበር። እሷ ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ብቻዋን ትስቅ ጀመር፤ ያገኘችው ነገር የሚያምር ነበርና። ነፋሱ ግንቡ ጋ ሲደርስ በጣራው ላይ ዘልሎ ያልፋል፤ ከግራሩ ወዲያ ይወርዳል፤ ከወረደው ውስጥ ግማሹ በመሬቱ ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ግንቡ ይነፍሳል። ወንዝ ውስጥ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውኃው ተመልሶ እንደሚሽከረከረው ማለት ነው። ስለዚህ ጁሀር ከግራሩ ጫፍ ሲወረውር ነፋሱን ከጀርባው ይዞ ነበር፤ አየነው ደግሞ በጀርባዬ ነው ሲል በፊቱ ሲታገለው ዋለ።

ሐሙስ ዕለት ዱላዎቹን ሳትነቅል ጁሀርንና አየነውን ሜዳው ላይ ጠራቻቸው። "ጫፍ ተለዋወጡ" አለች። "ጁሀር ከመንገዱ፣ አንተ ከግራሩ።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ከመንገዱ ጫፍ ነው የወረወርኩት" አለ አየነው።

"አትመነኝ። ሮጠህ እየው።"

አየነው ኳስ ሳይዝ ከግራሩ ጫፍ ሮጠ። ቆመ። ተመልሶ ደግሞ ሮጠ። ጥብጣቦቹን አንድ በአንድ እያየ እስከ መንገዱ ጫፍ ሄደ፤ አንዷን በጣቱ ይዞ ለቀቃት፤ ወደ ግንቡ ተዘረጋች። "ባለፈው ዓርብ ያረጀሁ መስሎኝ ነበር እኮ" አለ ቀስ ብሎ።

በሁለተኛው ዓርብ ሀርጌሳ 118 መታ። በርበራዎች ለማሸነፍ 97 ያስፈልጋቸው ነበር። ኪዳናዊት መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ዛሬ የምትጽፈው የመጨረሻዋ ገጽ ሊሆን እንደሚችል እያወቀች፣ አንዲት ጥብጣብ ያላት ዱላ ከአጠገቧ ተክላ ተቀመጠች። አየነው ከግራሩ ጫፍ እንደ ድሮው ፈጠነ፤ ሦስት ሰው አስወጣ። ጁሀር ከመንገዱ ጫፍ ወረወረ። ኳሷ አየር ላይ ወጣች፤ እዚያ ሰው እንደጠራት ሁሉ ቆም ያለች መሰለች፤ ከዚያ ወረደች፣ መሬት ነካች፣ ታጠፈች። መቺው ባዶ አየር መታ። አንዱ እንጨት ወደቀ።

ዘጠኝ ሰው ወጥቶ በርበራ 88 ላይ ደረሰ። ዘጠኝ ነጥብ፣ አንድ ሰው ቀረ። ተራው የመንገዱ ጫፍ ነበር፤ ሊዮን ኳሷን በእጁ እያገላበጠ አየነውን አየው፤ አየነው ፈጣን ነው፣ አልደከመም፣ ልማዱም የመጨረሻውን ሰው እሱ ማስወጣት ነው። አየነው የኪዳናዊትን ዱላ አየ። ጥብጣቧ ወደ ግንቡ ተወጥራለች።

"ለጁሀር ስጠው" አለ።

ጁሀር ሁለተኛዋን ኳስ ሲወረውር የመጨረሻው መቺ ኳሷን ቀድሞ ለመምታት ተንደርድሮ ወጣ። ኳሷ ከጠበቃት ክንድ ያህል አጥራ ወረደች፤ የመምቻው ጠርዝ ነካት፤ ተነስታ አየነው እጅ ውስጥ ገባች። አየነው ኳሷን ይዞ ጮኸ፤ ከዚያ ጁሀርን ከመሬት አነሳው።

ሀርጌሳ በስምንት ነጥብ አሸነፈ። ኪዳናዊት ሁለት ጊዜ ደምራ አረጋገጠች። ከዚያ ሰማያዊውን መዝገብ ዘግታ ተነሳችና ለሊዮን ዘረጋችለት። "ቃሌ ነው" አለች።

ሊዮን ተቀብሎ ገለጠው። በቀደሙት ገጾች ሁሉ፣ ነፋስ በተጻፈበት መስመር ጎን፣ በቀይ ብዕር "አየር ማረፊያ ላይ የተለካ" የሚል ማረሚያ ተጨምሯል፤ የሁለት ዓመት ገጽ፣ መስመር በመስመር። ከዛሬው ነፋስ ጎን "ሜዳው ላይ" ይላል።

"ቃልሽ ጁሀር ካልጠቀመ የሚል ነበር" ብሎ መለሰላት። "ስድስት ሰው ነው ያስወጣው። በሚቀጥለው ምርጫ ደግሞ ድምፅ ይኖርሻል።"

"ቆይ፣ ቆይ" አለች ራሕሞ ብርጭቆዎቿን እየሰበሰበች። "ነፋሱን የነገርኳችሁ እኔ፤ ድምፁ ለእሷ?"

ኪዳናዊት ዱላዋን ነቅላ ጥብጣቧን ፈታችና ራሕሞ ጆንያ ላይ አሰረችው። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ መዝገቡን ከመክፈቷ በፊት መጀመሪያ ወደ ሻዩ ቦታ ነበር የምትሄደው።