የውሰት ደም

ጋሼ ያለው የሚባሉትን ሰው በቅርብ አላውቃቸውም። አንዴ ከደሴ ስንመጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጬ ወሬ ልጀምር ብዬ አፍሬ ትቼዋለሁ። ይህን የሰማሁት ከሚስታቸው ወንድም ከምስክር ነው፤ እሱ ደግሞ ሲያወራ አይቆጥብም።

ሥራቸው ኮርማ ማኮላሸት ነው። ዕድሜ ልካቸውን የሌላውን ብሽሽት ሲጎረጉሩ ኖረው፣ በመጨረሻ ቡአ የራሳቸውን ብሽሽት ይዞ መካነ ሰላም አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አስተኛቸው። ቀዶ ጥገናው ደህና አለቀ። ቤታቸው እንዳይገቡ የያዛቸው በየማለዳው እየተቀዳ የሚመረመረው ደማቸው ነው።

"ብግነት አለ" አለቻቸው ነርሷ ሲስተር ሐረግ። "አንድ ነገር ሰውነትን ሲያስቆጣው ጉበት ደም ውስጥ የሚለቀው ነገር አለ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ከፍ ይልና ይወርዳል። የእርስዎ ግን እየጨመረ ነው፤ ልብዎም ደካማ ስለሆነ ፈርተናል።"

"የተቆጣሁት እኔ፤ ጉበቴን ምን አገባው?"

ያስቆጣቸውን ወሬ ያመጣው ምስክር ነበር። ከግብርና የመጣ ጎረምሳ በብረት ጉጠት፣ ጠብታ ደም ሳይፈስ ያኮላሻል፤ ደንበኞቻቸውም ወደ እሱ እየጎረፉ ነው።

"በዚህ ሳምንት ካልወጣሁ የተኮላሸሁት እኔ ነኝ" አሉት።

በማግስቱ ማለዳ፣ ጋሼ ያለውን በመልክ የማያውቅ አዲስ ደም ቀጂ ሲመጣ፣ አልጋው ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተኛው ምስክር ነበር። ጋሼ ያለው ሽንት ቤት ገብተው ቀርቅረዋል። ቀጂው ከጋቢው የወጣውን ክንድ ወግቶ፣ ቀድቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ውጤቱን አይቶ ተገረመ።

"ወርዷል! የጎረምሳ ደም ይመስላል።"

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ ጋሼ ያለው፣ ማዕተባቸውን እየነካኩ።

ወደ ቤት ሊሄዱ ሱሪያቸውን ሲያነሡ ግን ብርድ አንቀጠቀጣቸው። ሐረግ ግንባራቸውን ብትነካ እሳት ነው። ዞር ስትል የምስክር ክንድ ላይ ጥጥ በፕላስተር ተለጥፏል።

"አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?"

"እሾህ ወጋኝ።"

"እሾህ ወግቶ ፕላስተር ይለጥፋል?"

የጋሼ ያለው የቀዶ ጥገና ቁስል ሲከፈት መግል ቋጥሯል። ሐረግ እያጸዳች፣ "ጋሼ፣ እንዲህ ሆነው ቢሄዱ መንገድ ላይ ይቀሩ ነበር እኮ" አለች።

"ስንቱን ኮርማ አኮላሽቻለሁ! በማግስቱ ተነሥቶ ሣሩን ይግጣል፤ ደሙን ያስመረመረ አንድም የለም።"

"ያልተነሡትስ? ስንቶቹ ሞተውብዎታል?"

ጋሼ ያለው ጣሪያውን አዩ።

"እሱን እለፊው፣ ልጄ።"