ሰላምታ ያስረዘመው ሰልፍ

ቢምረው ቤር ሼቫ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ሾሜር፣ ማለትም ጥበቃ፣ ሆኖ የተማሪ ቦርሳ ሲፈትሽ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በሥራ ሰዓት ከአፉ የሚወጣው ቃል "ክፈት" ብቻ ነበር፤ ለሴት ሲሆን ደግሞ "ክፈቺ"። ዝምተኛ ሆኖ አይደለም። በፈረንጆቹ 1991 በአውሮፕላን ሲመጣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ከአዲስ አበባ ተነሥተው እስኪያርፉ ድረስ አንዲት ቃል ጣልቃ ማስገባት እንዳቃተው እስከ ዛሬ ይናገራል። ሥራ ላይ ግን አውራ ያለው ስለሌለ አያወራም። ቢምረው የታዘዘውን የሚያደርግ፣ ያልታዘዘውን የማይነካ ሰው ነው።

በሐምሌ፣ ፈተና ሲቃረብ፣ የተማሪዎች ምክር ክፍል ኃላፊዋ ሊያት ጥበቃዎችንና ጽዳቶችን ሰብስባ ሥልጠና ሰጠች።

"የተጨነቀ ተማሪ እኛ ቢሮ አይመጣም፤ በእናንተ በኩል ግን በየቀኑ ያልፋል። እንዴት ነህ በሉት። በሴዴር፣ ደህና ነኝ ብሎ እንዳያመልጣችሁ። መልሱን ጠብቁ።"

ቢምረው እጁን አወጣ። "እስከ መቼ ነው የምንጠብቀው?"

"እውነቱን እስኪናገር።"

ይህ ለቢምረው ግልጽ ትእዛዝ ነበር። መጠበቅ ደግሞ ያውቅበታል፤ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን አሥር ወር ጠብቋል።

በማግስቱ ጠዋት ቀድሞ የደረሰው ማታን የሚባል፣ በአቅራቢያው ካለችው ከተማ ከዖሜር የሚመላለስ የምህንድስና ተማሪ ነበር። ቦርሳውን ከፍቶ አቀረበ።

"እንዴት አደርክ?" አለው ቢምረው።

"በሴዴር።"

"እናትህ ደህና ናቸው?"

ማታን ግራ ገባው። "ደህና ናት።"

"አባትህስ? እህት ወንድም? ጎረቤቱ?"

የጎንደር ሰላምታ እንዲህ ነው፤ ሰው ተጠይቆ ሲያልቅ ወደ ከብቱ ይኬዳል። ዖሜር ውስጥ ላም እንደሌለ ቢምረው ስለሚያውቅ አሰብ አደረገና "ውሻስ አላችሁ? ደህና ነው?" አለ።

ቢምረው ጠበቀ። ከኋላ ያሉትም ጠበቁ። ከዚያ ረጅሙ ወጣት የልቡን ዘረገፈው። ውሻው ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ጠፍቶበታል፤ ሒሳቡም አልገባ ብሎታል፤ ደግሞስ ለውሻ አለቀስኩ ብሎ ለማን ይናገራል? ቢምረው ለውሻ ነፍስ ይማር ይባል አይባል ጥቂት አመነታ። በመጨረሻ "አምላክ ያጽናችሁ" አለና የውሻውን ስም ጠየቀ።

"እንደ ቂጣው ፒታ ነበር የምንለው።"

"ደግ ስም ነው" አለ ቢምረው።

ረፋዱ ላይ ሰልፉ የፈላፈል ኪዮስኩን አልፎ አውቶቡስ ማቆሚያው ደረሰ። ሽኩና ዳሌት ከሚባለው ሰፈር የመጡ አንዲት አሮጊት የአውቶቡስ ሰልፍ መስሏቸው ቆመው ኖሮ፣ ተራቸው ሲደርስ ስለ ጉልበታቸው በሰፊው ተናገሩና ቢምረውን መርቀው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

የጥበቃዎቹ አለቃ አሎን እየሮጠ መጣ። "ቢምረው፣ ምን እየሠራህ ነው?"

"ሥልጠናውን።"

አሎን ሊያትን አስጠራ። እሷም ሰልፉን ጥሳ ልታልፍ ስትል ቢምረው እጁን ዘረጋ።

"እንዴት አደርሽ?"

"በሴዴር። ስማኝ፣ ስለዚህ ሰልፍ..."

ቢምረው ጠበቀ። ራሷ ያሠለጠነችው ሰው ስለሆነ ሊያት ማምለጫ አጣች። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ እንዳላረፈች፣ ሰማንያ ተማሪ ቀጠሮ እንደሚጠብቃት፣ ትናንት የመኪናዋን ቁልፍ ስትፈልግ ቆይታ ማልቀሷን ተናገረች። ቁልፉ እጇ ላይ ነበር። ከኋላ አንዱ ተማሪ "ውሃ ስጧት" አለ።

ከዚያ ወዲህ በሩ "ለቸኮለ" እና "ላልቸኮለ" ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ቢምረው ካልቸኮሉት ዘንድ ቆመ። ከበድ ያለ ነገር ሲሰማ ተማሪውን ብጣሽ ወረቀት አስይዞ ወደ ሊያት ይልክ ጀመር። የዕብራይስጥ ጽሕፈቱ ደካማ ስለሆነ የሚጽፈው በአማርኛ ነው። ሊያትም ለማስነበብ የጽዳት ሠራተኛዋን ትዋብን ከመጥራት ሌላ አማራጭ አልነበራትም።

"ይቺ ልጅ ምሳ ካልበላች ሦስት ቀኗ ነው፤ መጀመሪያ አብሏት፣ ከዚያ ጠይቋት ይላል" አለች ትዋብ። ሌላውን ገለጠች። "ይሄኛው ምንም አልሆነም፣ ስላላጠና ነው ይላል።"

ሊያት የተማሪ ምስጢር በብጣሽ ወረቀት አይዞርም ብላ ከለከለች። ቢምረው ታዘዘና ተማሪዎቹን ራሱ እየመራ ያደርስ ጀመር። በሩ ባዶውን ሲቀር አሎን ራሱን ያዘ። በመጨረሻ ሊያት ከአለቆቿ ጋር ተሟግታ፣ በየጠዋቱ አንድ የምክር ባለሙያ በሩ አጠገብ ያለ ቀጠሮ እንዲቀመጥ አስፈቀደች። ፈተናው ሲያልቅ ቀጠሮ ጠባቂው ከሃያ አይበልጥም ነበር። ማታን ሒሳቡን በሁለተኛው ዙር አለፈ፤ ሊያትም ሦስት ቀን አረፈች።

የዩኒቨርሲቲው ሹም ቢምረውን አስጠርቶ "ምን እናድርግልህ?" ሲለው፣ ተሰላፊው ፀሐይ ላይ ስለሚቆም የጥላ ሸራ ይተከልልን አለ። ጥያቄው ቢሮ ለቢሮ ዞሮ ሸራው የተተከለው በታኅሣሥ፣ በዚያ አገር ዝናብ በሚጥልበትና ፀሐይ በምትናፈቅበት ጊዜ ነው። ቢምረው "ለዝናብም ይሆናል" ብሎ ተቀበለ። በመጀመሪያው ዝናብ ሸራው ውሃ ሲያቁር አድሮ፣ ሊመረምረው በመጣው በአሎን አናት ላይ ገለበጠው።