መብራት ለያዘችው ሴት የተሰፋ ቀሚስ

ባለቤቴ የሞቱ ኩባንያዎች ባለአክሲዮን ነው። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን እውነቱን ነው የምናገረው። ፈርሰው ስማቸው እንኳ የተረሳ የባቡር፣ የማዕድን፣ የመርከብ ኩባንያዎች በጥንት ጊዜ ለባለድርሻዎቻቸው ይሰጡት የነበረውን የአክሲዮን ወረቀት ይሰበስባል። ወረቀቱ ዛሬ አንድ ራስ ሽንኩርት አይገዛም። የሚሰበስበው ለሥዕሉ ነው። በየወረቀቱ ራስጌ ላይ፣ ብረት ላይ ተቀርጾ የታተመ ትንሽ ሥዕል አለ፤ ድልድይ፣ ባቡር፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሴት። ሴቶቹ ታዲያ ልብስ ላይ ቸልተኞች ናቸው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እሱ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አንሺ ነው። እኔ አለብሳለሁ፣ እሱ ያስወልቃል፤ ትዳራችን በዚህ ተስማምቶ ኖሯል። ሰፈሩ «ትንፋሽ ያዝ» የሚል ቅጽል አውጥቶለታል፤ ግማሹን ሰፈር ደረቱን ብረት ላይ አስደግፎ «ትንፋሽ ያዝ» ብሎታልና። የሰው አጥንት ሲያይ ውሎ ይመጣል፣ እራቱን ይበላል፣ ከዚያ ሳሎናችን ጥግ ያለችው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። እዚያ ሆስፒታሉ የጣለው ራጅ የሚታይበት አሮጌ ባለመብራት ሣጥን አለ። ያበራውና ወረቀቱን ያነጥፍበታል፤ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ተክሎ ይደፋበታል። እኔ ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ብጣራ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ልጃችን ትንሽ ሳለች «እማዬ፣ አባዬ ወረቀቱን ሊውጠው ነው» ትለኝ ነበር።

ያን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። ትዕግሥቴን የጨረሰችው የመብራት ኩባንያዋ ሴት ናት።

ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጩ ወዳጁ ገዝቶ፣ በሁለት ካርቶን መሀል አድርጎ፣ ደረቱ ላይ አቅፎ አመጣት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ፏፏቴ ይወርዳል፤ አንድ እጇን ዘርግታ መብራት ይዛለች። ከወገቧ በታች ጨርቅ ጣል አድርጋለች። ከወገቧ በላይ ግን እንደተፈጠረች ናት። በመስታወት አስገባትና ሳሎኑ ውስጥ፣ ከሶፋው ትይዩ ሰቀላት። «ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ራቁት ሴት!» አልኩት። «ደንበኛ ትሁንልሽ» ብሎኝ አረፈው።

ጋሼ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባታቸው ሲሞት ባለቤቴ ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር፤ ጋሼም ቢሆኑ ገና ጢም አላበቀሉም ነበር። የእህል መጋዘን ገብተው፣ ጆንያ ተሸክመው፣ አጥበው፣ አብልተው፣ አስተምረው ሰው አደረጉት። ምራቃቸውን የዋጡ፣ ሸሚዛቸውን በበጋም እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ስንት ዘመን ሸሚዝ ስሰፋላቸው አንድ ቀን እንኳ ሜትር አስነክተውኝ አያውቁም። አሮጌውን ያመጡና «በዚህ ልክ» ይሉኛል።

ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ እሳቸውና ሴትዮዋ።

«ይቺ ሴትዮ ብርድ አይዛትም?» አሉ።

«ጋሼ፣ ይሄ ትልቅ ሙያ ነው» አለ ባለቤቴ። «እኔ በቀን ስንት ሰው አስወልቃለሁ፤ የሰው ገላ ነውር ቢሆን ምን እሆን ነበር?»

«አንተ የምታስወልቀው የታመመ ሰው ነው። እሷ ምን ሆና ነው?»

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ነገሩ ዱላ ቀረሽ ሆኗል። ጋሼ እንዲህ ይላሉ፦ «የኩባንያ ሰው ገንዘብህን ሲፈልግ ራቁት ሴት ይሥልልሃል። ዓይንህ እሷ ጋ ሲቀር እጁ ኪስህ ገብቷል።» ባለቤቴ ደግሞ ከኪሱ ሌላ ነገር የማያይ ሰው ሥዕል ላይ ባይፈርድ ይሻላል ብሎ መለሰ። ይህን ለጋሼ! ክው አሉ። ባርኔጣቸውን አነሱና ወጡ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እሷን አውርድና ይቅርታ ጠይቅ ብዬ ብለምነው፣ «እሷን ካወረድኩ ውሸቴን ነበር ማለት ነው» አለኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ክር ልገዛ ስወጣ ጋሼን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ግድግዳ ይዘው ቆመው ትንፋሻቸውን ያሳድዳሉ። ከስተዋል፤ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም። ደገፍኳቸው።

«ሐኪም አዩ?»

«አይቻለሁ። ራጅ ተነሣ አሉኝ።»

«ታዲያ?»

«ሸሚዝ ይወለቃል አሉ።»

«ሊወለቅ ነዋ! ጋሼ፣ ከሳምባዎ ሸሚዝዎ ይበልጣል?»

«ማንም ፊት አላወልቅም» አሉ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ነበር። አንጀቴን በሉት።

«ማንም አይደለም እኮ የሚያነሳው፤ ያሳደጉት ልጅ ነው።»

«ያ ራቁት ሴት ሰቅሎ የሰደበኝ?»

እዚህ ላይ አፌ ቀደመኝ። «ለብሳለች እኮ» አልኳቸው። «እሑድ ይምጡና ይዩ።»

ዋሽቼ ቤቴ ገባሁ። እሑድ ደግሞ ነገ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ቁራጭ ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፎ ይገላገል ነበር። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈ የሐር ገበር ነበረኝ። ልኳን ለመውሰድ ክፈፏን አውርጄ ባለመብራቱ ሣጥን አጠገብ አስቀመጥኩና ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ የባለቤቴን ማጉያ ዓይኔ ላይ ተከልኩ።

እግዚኦ! ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም።

ወገቧ ላይ ያለው ጨርቅ በመስመር የተሠራ ነው፤ መስመሮቹ አብረው ይሄዳሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ሽንሽኑ ውስጥ ይገባሉ፤ እሱን ሙያዬ ስለሆነ ወዲያው ገባኝ። ገላዋ ግን መስመር የለውም። ነጥብ ነው። ከመርፌ ጫፍ የቀጠነ፣ ቁጥር የሌለው ነጥብ። ጥላ ባለበት ይጠጋጋል፣ ብርሃን ሲመጣ ይራራቃል፣ ትከሻዋ ላይ ሲደርስ ጭራሽ ይጠፋል። ትከሻዋ ላይ ምንም ቀለም የለም፤ ባዶ ወረቀት ነው። ያንን ባዶ ወረቀት ሥጋ ያደረጉት ዙሪያውን ያሉት ነጥቦች ናቸው። አንድ ሰው፣ እንደኔ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ወገቡን የሚያመው ሰው፣ እነዚህን አንድ በአንድ ብረት ላይ ወጋቸው። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚባለው እውነት ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ ከፊቴ ተሰቅላ እኔ ጡቷን ብቻ ነበር ያየሁት።

ቢሆንም ቃል ቃል ነውና ሰፋሁላት። እጅጌና ዘምዘማት ያለው፣ ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ ቀሚስ። ከክፈፉ ጫፍ በክር አንጠልጥዬ መስታወቱ ላይ ልክ ገላዋ ላይ እንዲያርፍ አደረግሁት። ባለቤቴ ገብቶ ሲያይ ወገቡን ይዞ ቆመ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ብሎ አየና «ብብቷ ላይ ጠቧታል» አለኝ። የሰፋሁበትን ምክንያት፣ የጋሼንም ነገር ሁሉ ነገርኩት። ያን ማታ እራቱን አልነካም።

በማግስቱ ጋሼ መጡ። ሰላምታው ቀዝቃዛ ነበር። ተቀምጠው ቀና አሉና ሴትዮዋን አዩ፤ ለረጅም ጊዜ አዩ። የኔም ስህተት የታየኝ ያኔ ነው። ቀሚሱ ልኳ ስለሆነ ያለ ቀሚሱ ከነበረችው ይልቅ ዓይን ይስባል። ሳሎኑ ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚታይ ነገር ጠፋ።

«ይሄን ማን ሰፋው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ይቺን ታህል እንዴት ለካሻት?»

ማጉያውን ሰጠኋቸው። እየተነፈሱ፣ እያረፉ ወደ ግድግዳው ሄዱ። መጀመሪያ ፏፏቴውን አዩ፤ ቀጥሎ መብራቱን፤ ቀጥሎ የዘረጋችውን ክንድ። ክንዷ ከእጅጌው ሥር ሲገባባቸው ቆሙ። ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ወደ ወንድማቸው ግን አላዩም። ከዚያ በትልቅ ጣታቸው ቀሚሱን ገለጥ አደረጉት።

ትንፋሻቸው ሲያፏጭ ብቻ ይሰማል።

«ነጥብ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሁሉም ነጥብ ነው። ይሄን በእጁ?»

«በእጁ፣ ጋሼ» አለ ባለቤቴ። «ብረት ላይ፣ ያውም ግራና ቀኙን ገልብጦ። አንዲት ነጥብ ከሳተ የሚያጠፋበት ላጲስ የለውም።»

«ለምን ታዲያ ራቁቷን? ይሄን ያህል ለሚችል ሰው ቀሚስ ምን ያቅተዋል?»

«ቀሚስማ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነ ነዋ። አጭበርባሪ አስመስሎ ሊያትም ሲሞክር የጨርቅ እጥፋት ቢሳሳት ማንም አያውቅበትም። ገላ ግን ሁሉም ሰው ያውቃል። ትከሻው ትንሽ ቢጣመም ያልተማረም ሰው አንድ ነገር ልክ አይደለም ይላል። ስለዚህ ቀራጮቹ ሰው ይቀርጹ ነበር፤ ገላም ያበዙ ነበር።»

ጋሼ ቀሚሱን እንደያዙ አሰቡ። «ዘብ ናታ፣ እንግዲህ።»

«ዘብ ናት።»

«ቢሆንም ሸሚዝ የሚለብስ ዘብ እመርጣለሁ» አሉና ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ሳል ሆነ። ሳሉ አላቆም ሲል ባለቤቴ ተነስቶ ያዛቸው። ደረታቸውን አቅፎ፣ ጆሮውን ጀርባቸው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ያን ያህል ተቀራርበው አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ጋሼ፣ ነገ ሆስፒታል ና» አላቸው። «አብራኝ የምትሠራውን ረዳት አስወጣለሁ። እኔና አንተ ብቻ።»

ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። በማግስቱ ግን መጡ።

እኔም አብሬ ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ረጅም ወንበር ተቀመጥኩ። በሩ በትንሹ ተከፈተና የጋሼ እጅ ኮታቸውንና ሸሚዛቸውን አቀበለኝ፤ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ሸሚዙ የኔ ስፌት ነው። ላጥፈው ስል ቀኝ ትከሻው ላይ እጄ አንድ ወፍራም ነገር ነካ። ገለበጥኩት። ታጥፎ ታጥፎ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ከውስጥ በኩል ተሰፍቷል፤ በወንድ እጅ፣ በረጃጅም ጥልፍ፣ ግን በጣም ተጠንቅቆ። ጋሼ ላይ እንዴት ቀጥ ብሎ ይወርዳል እያልኩ በሸሚዞቼ ስኮራ ኖሬ፣ ለካ ትከሻውን እኩል ያደረጉት እሳቸው ኖረዋል።

ባለቤቴ በኋላ እንደነገረኝ፣ ደረታቸውን ሰሌዳው ላይ አስደግፎ፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አስይዞ፣ ጨረር ከሚከላከለው የእርሳስ መጋረጃ ጀርባ ሊገባ ሲል ጀርባቸውን አየ። ጆንያ እንደተሸከሙ ያውቃል፤ ስንቴ ለሰው ተርኮታል። ያየው ግን ያኔ ነው። ቀኝ ትከሻቸው ከግራው በእጅጉ ወርዶ፣ ሥጋው ተድጦ፣ ቆዳው እንደ ተረከዝ ጠንክሮ፣ ገመድ የበላው ጠባሳ ከአንገታቸው ሥር እስከ ብብታቸው ተጋድሟል። በሺህ የሚቆጠር ጀርባ ያየ ሰው ቁልፉን መጫን አቃተው።

ከኮሪደሩ የጋሼን ድምፅ ሰማሁ፦ «ምነው ዝም አልክ? አንሳው እንጂ፣ በረደኝ።»

ሳምባቸው ውኃ ቋጥሮ ነበር። በጊዜ ተደረሰበት፤ ተቀዳላቸው፤ መድኃኒታቸውን ጨርሰው ዛሬ ደረጃ እንደ ወጣት ይወጣሉ። ከሴትዮዋ ላይ ቀሚሱንም ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።

ከሆስፒታል በወጡ ሰሞን ቤታችን መጡ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። አሮጌ ሸሚዝ አላመጡም። ከስፌት መኪናዬ ፊት ቆሙና ቁልፋቸውን ከአንገት ጀምሮ መፍታት ያዙ። እኔም ሜትሬን አንስቼ ተጠጋሁ። ግራውን ትከሻ ለካሁ። ቀኙ ጋ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ፤ እንባዬ ሜትሩ ላይ ወረደ።

«ለኪው» አሉኝ ቀና ብለው እንደቆሙ። «እንዳለ ለኪው።»