አትርዳ የሚል ሥልጠና

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሠለጠንኩበት የአጠቃቀም ፍተሻ ቤተ ሙከራ ትልቁ ሕግ አንድ ነው፦ አትርዳ። ሰው ስልክ ይዞ ሲቸገር አጠገቡ ተቀምጠህ ታያለህ። አትጠቁምም፣ ፊትህን አታኮሳትርም። የሚፈተነው ሰውየው ሳይሆን ስልኩ ላይ የተጫነው መተግበሪያ ነው ይሉናል። ይህ ለወሎ ልጅ ቅጣት እንጂ ትምህርት አይደለም። እኛ ዘንድ ሸክም የከበደውን ሰው ቆሞ የሚያይ ስሙ በደግ አይነሳም።

ያን ሰሞን የምንፈትሸው ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ የምትጠራበትን መተግበሪያ ነበር። ሐይቅ ከተማ አንድ ክፍል ተከራይተን ካሜራ ተከልን፤ መምህሬ ከመጋረጃ ወዲያ ሆና በስክሪን ትከታተላለች። መተግበሪያው ፍተሻውን ካለፈ በሳምንቱ ለአምባሰል ገጠሮች ሊታደል ነው። የመጡት ሴቶች ሁሉ "ጥሩ ነው" ብለው ሄደዋል። አላመንኳቸውም። ሰው የደከመበትን ነገር ፊት ለፊት ማጣጣል በአገራችን ነውር ነው።

ከሰዓት በኋላ የመውለጃ ወሯ የገባ ሴት መጣች። ከውጫሌ በላይ ካለ መንደር ለምርመራ ወርዳ ነው፤ በማግስቱ ተመላሽ ናት።

"እንግዲህ ምጡ መጣ እንበል። መኪና ጥሪ" አልኳት።

ቀዩን ምልክት ነካች። ስክሪኑ "እርግጠኛ ነዎት?" ብሎ በደቃቅ ፊደል ጠየቀ። አላየችውም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ሻሿን አስተካከለች።

"ጨረስሽ?"

"አዎ፣ ጠራሁት።"

ጥሪው አልሄደም። እሷ አታውቅም፣ እኔ አውቃለሁ፣ አፌን መክፈት ግን አልችልም። ጀርባዬን ላብ አጠመቀው። ውጪ መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮዋን ወደ በሩ ጣል ታደርጋለች። ተናደድኩ፤ በፊደሉ መድቀቅ፣ በመጋረጃው፣ በታጠፈው እጄ ተናደድኩ።

ከተፈቀዱልኝ ጥያቄዎች አንዱን አነሳሁ።

"አሁን ምን ታደርጊያለሽ?"

"ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ ነዋ።"

"ቢዘገይስ? ደግመሽ ትጠሪያለሽ?"

"ኧረ ወዲያ፣ ነውር አይደለም እንዴ? አንዴ ተነግሮታል። መንገዱ ዳገት ነው፣ ሹፌሩም ሰው ነው። መነዝነዝ ምንድን ነው?"

እንደምንም ቀጠልኩ።

"መተግበሪያው ላይ ያየሽው ችግር አለ?"

"ምን ችግር አለው፣ ማሻ አላህ። ድካማችሁን አላህ ይቁጠርላችሁ።"

ስክሪኑ ያልተመለሰ ጥያቄውን እንደያዘ ጠፋ። መምህሬ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ፈተና ሳያልቅ ስትወጣ አይቻት አላውቅም። ካሜራውን አጠፋችና እኔን እያየች በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች፤ መተግበሪያው እንደማይታደል ገባኝ።

ሴትዮዋ የሁለታችንንም ፊት አየች። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣

"አብሽሩ" አለችን፤ "መኪናው ይደርሳል።"