ባጃጅ ውስጥ ያመለጠኝ እልልታ

ቆቦ ነው። ከእርግዝናዬ ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ ወለድኩ፣ አጠባሁ። ልጄን ጡት ካስጣልኩት በኋላ ለመጨረሻው ምርመራ ጤና ጣቢያ ወሰድኩትና ነርሷ፣ «ቫይረሱ የለበትም፣ ነጻ ነው!» አለችኝ። ወደ መናኸሪያ በያዝኩት ባጃጅ ውስጥ እልልታዬ አመለጠኝ።

ወጣቱ ሾፌር ደንግጦ ዞረ። «እሰይ! ምን ተገኘ እህቴ?»

«ነጻ ነው አሉኝ!»

«አልሐምዱሊላህ! ማን ነበር የታሰረው?»

ምላሴን ነከስኩ። ግን ደስታው አላስችል አለኝ፤ እቅፌ ውስጥ ያለውን ልጄን እያሳየሁት፣ «ቫይረሱ ያለብኝ እኔ ነኝ። መድኃኒቴን እየዋጥኩ ወለድኩት፣ እሱ ነጻ ነው!» አልኩት።

ባጃጁን ጥግ አስይዞ አቆመ። ሊያወርደኝ ነው ብዬ ስፈራ፣ «እኔንም እናቴ እንደዚሁ ነው የወለደችኝ!» ብሎ ክላክሱን አስጮኸው።