የሚበሰብሰው ፌስታል

ጉርድ ሾላ ያለው መሥሪያ ቤቴ ለአካባቢ ጥበቃ ሥልጠና ልኮኝ የተመለስኩ ሰሞን ሰው አላስቀምጥም ነበር። ለሚ ኩራ ያለው ኮንዶሚኒየማችን የባዮጋዝ ጉድጓድ አለው። የወጥ ቤት ትራፊ ይገባበታል፣ አየር እንዳያስገባ ይከደናል፣ የሚወጣው ጋዝ የእድሩን ድስት ያበስላል። እኔ ደግሞ ከሥልጠናው አንድ ካርቶን በስባሽ ፌስታል ይዤ መጥቻለሁ። አረንጓዴ ቅጠል ታትሞበታል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ጉድጓዱን የሚንከባከቡት ምድር ቤት የሚኖሩ እናት ነበሩ። ልጣጩን ከፌስታል እያራገፉ ሲጨምሩ አይቼ፣ እጅዎን ለምን ያቆሽሻሉ፣ ከነፌስታሉ ይወርውሩት አልኳቸው።

"ልጄ፣ እዚያ ታች እንጨት እንኳ ሲገባ እንዳለ ነው የሚወጣው" አሉኝ።

ሳቅኩ። የሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ስብሰባ አስጠርቼ የሁሉም ቤት ትራፊ ከነፌስታሌ እንዲጣል በጭብጨባ አስወሰንኩ፤ እሳቸውም አጨበጨቡ፣ ጨዋ ናቸው። ከወራት በኋላ ነበልባሉ ሲኮሰምን በብርዱ አሳበብኩ።

ክረምት ላይ ባለቤታቸው አረፉ። በሰልስቱ ለለቀስተኛው ምስር ወጥ ተጣደ፤ ጋዙ አንዴ ብልጭ ብሎ ድርግም አለ። መብራትም የለም። የተጠራው ባለሙያ ክዳኑን ከፍቶ በመንጠቆ ሲጎትት ቧንቧውን የደፈኑት ፌስታሎቼ ተከታትለው ወጡ። ቅጠሉ እንኳ አልደበዘዘም። ይሄ ዓይነቱ የሚበሰብሰው አየርና ኃይለኛ ሙቀት ባለው የኮምፖስት ክምር ውስጥ ነው፣ አየር በሌለበት ቀዝቃዛ ጉድጓድ ግን ዓመታት ይቀመጣል አለ። ማን ነው ያስገባው ብሎ ሲጠይቅ እድርተኛው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ከጎናችን ካለው ግንባታ እርጥብ ባሕር ዛፍ ለምኜ አመጣሁ። ነፋሁ፣ ሳልኩ፣ አልነድ አለኝ። ከሩቅ የመጡ ዘመዶች እህል ሳይቀምሱ ሊሄዱ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ ለባላቸው ሐዘን የመጣ ሰው ባዶ አፉን እንዳይሸኝባቸው ብቻ ነበር የለመኑን።

በእኛ ወግ ሐዘንተኛ ከፍራሹ ተነስቶ እሳት አይነካም። እሳቸው ግን ከድንኳኑ ወጡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው አጠገቤ ተንበረከኩ፣ እንጨቱን ፈነቃቅለው እንደገና ደረደሩት።

"ሂድ ልጄ፣ እኔ ቦታ ተቀመጥ። ሰው ሲገባ ባዶ ፍራሽ እንዳያይ።"

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሄጄ ተቀመጥኩ። በጭስ የቀላ ዓይኔን ያየ ለቀስተኛ ሁሉ እያጎነበሰ እግዜር ያጽናህ ይለኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። ሚስትየዋ ውጭ ወጥ ያማስላሉ።