ፊርማዋን የደበቀች ተማሪ

የግምጃ ቤት ጠባቂው ልጅ ኮሌጅ ከገባች ዘጠኝ ቀኗ ነው፤ ጥቁር ቀሚሷን ግን አንድም ቀን አላወለቀችም። አዳራሹ ውስጥ አብረዋት የሚተኙት አስራ አምስት ልጆች "ይቺ ልጅ ሌላ ልብስ የላትም እንዴ?" እየተባባሉ ያሟታል። ልብስማ አላት። የዓመቱ የመኝታ ክፍያ የተሰፋው ግን በዚያች ቀሚስ ጠርዝ ውስጥ ነው። ኮሌጁ ክፍያ የሚቀበለው በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ብቻ ነው። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ያልከፈለች ተማሪ አልጋዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል። ቤቷ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ በከተማው የምታውቀው ሰው የለም፤ አልጋ አጣች ማለት ትምህርቱም ቀረ ማለት ነው።

በዘጠነኛው ቀን ስፌቱ መላላት ጀመረ። ያኔ ነው ባንክ የታሰባት።

አባቷ ባንክ ሲባል "ላም አለኝ በሰማይ" ይላል። አይፈረድበትም። አንድ ሾፌር ፊርማውን አስመስሎ አርባ ከረጢት ሲሚንቶ ከግምጃ ቤት አውጥቶበት፣ ስድስት ወር ሙሉ ከደሞዙ ተቆርጦበታል። ከዚያ ወዲህ ለአለቃው አንድ ፊርማ፣ ለሾፌሮች ሌላ ፊርማ፣ ለማያውቀው ሰው ደግሞ እዚያው የፈጠረውን ይፈርማል። ልጁንም "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለ አሳደጋት።

መጀመሪያ የሄደችው አንድ ባንክ ኮሌጁ በር ላይ ወደተከለው ድንኳን ነው። ከረባት ያሰረ ወጣት ጃንጥላ ያድላል።

"የኔ እህት፣ ሂሳብ ክፈቺና ጃንጥላ ውሰጂ። ነፃ ነው።"

"ነፃው ጃንጥላው ነው ሂሳቡ?"

"ሁለቱም።"

"እኔ ሳላይ ስንት ትቆርጣላችሁ?"

ወጣቱ ሳቀ። "ቅጹ ላይ አለልሽ።"

ቆማ አራቱንም ገጽ አነበበች። ከኋላዋ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ፣ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል፣ የስልክ መልእክት ክፍያ በየወሩ፣ የካርድ በየዓመቱ፣ ሦስት ወር ሳይንቀሳቀስ ለቆየ ሂሳብ ደግሞ ቅጣት ተጽፏል።

"ይሄ ምንድነው?"

"እሱን እኮ ማንም አያነበውም።"

"ለዚያ ነዋ እንዲህ የጻፋችሁት።"

እውነቷን ነው። እንዲነበብ የተፈለገ ነገር በጉንዳን እግር አይጻፍም። ገና ከእናቷ ጉያ የወጣችን ልጅ በጃንጥላ አባብሎ ኪሷን መዳበስ ንግድ ሳይሆን ነውር ነው፤ ነውሩ ከረባት ስላሰረ ደግሞ ነውርነቱ አይቀንስም።

ሁለተኛው ባንክ ወለሉ እንደ መስተዋት ያበራል። ያንኑ ጥያቄ ብትጠይቅ ሠራተኛው ከእግር እስከ ራሷ አያትና "ማን ልኮሽ ነው?" አላት። ወጣች።

ሦስተኛው ከጫማ ሰፊው ጀርባ ያለ አሮጌ ባንክ ነው። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴትዮ ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጣለች። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት።

"የባንክ ደብተሩን ስትወስጂ አንዴ እንቆርጣለን፤ ከዚያ ወዲያ የለም" አለች ሴትዮዋ ቀና እንኳ ሳትል። "ደብተሩን ከጣልሽው ግን እጥፍ ነው። እንዳትጥዪው።"

ልጅቷ የምትፈልገው ይሄንን መልስ ነበር። መጸዳጃ ቤት ገብታ ስፌቱን ተረተረች፣ ገንዘቡን አስገባች። የፊርማ ናሙና ካርዱ ሲመጣ ግን እጇ ቆመ። ሴትዮዋ ቅን ትመስላለች። ያ ሾፌርም ቅን ይመስል ነበር ተብሏል። ስለዚህ ሁለት ቀለበት፣ አንድ ቆልማማ፣ ከስሩ ረጅም ሰረዝ አድርጋ፣ በሕይወቷ ፈርማው የማታውቀውን ፊርማ ፈረመች። ደስም አላት።

ዓርብ ከክፍል ወጥታ ባንክ ስትደርስ ስምንት ሰዓት ነው። የገንዘብ ማውጫ ቅጹን ሞልታ ፈረመች። ሴትዮዋ መነጽሯን አድርጋ ካርዱን አየች፣ ወረቀቱን አየች።

"ይሄ ያንቺ ፊርማ አይደለም።"

"የኔ ነው፣ እትዬ።"

"ድገሚው።"

ደገመች። ቀለበቱ ሦስት ሆነ። ሠለሰች። ቆልማማው ዞረ። ከኋላዋ አንድ ሰውዬ "ልጅቷ ሥዕል ነው እንዴ የምትማረው?" አለ፤ ሰልፈኛው ሳቀ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። ካርዱን በመዳፏ ሸፈነችው። "አንቺ ልጅ፣ ደብተሩን ከማን ወሰድሽው?"

 እስከዛሬ ጠርጣሪዋ ልጅቷ ነበረች። መታወቂያዋን አውጥታ ሰጠች።

"መታወቂያ ጥሩ ነው። ገንዘብ የሚወጣው ግን በፊርማ ነው። ሥራ አስኪያጁ ይለውጥልሽ፤ ስብሰባ ላይ ነው፣ አስር ሰዓት ይመጣል።"

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስልክ ደወለች።

"አባዬ፣ ፊርማዬን ረሳሁት።"

"የትኛውን?"

ገንዘቡን ባንክ እንዳስገባችው ነገረችው።

"በሉት በይኛ" አለ አባቷ። "ብዬሽ ነበር።"

"አልበሉትም፣ አባዬ። እኔው ነኝ የቆለፍኩበት።"

አባትየው ልጁን ከሌባ እንድትጠበቅ አስተምሯታል፤ የራሷን በር በራሷ ላይ እንዳትዘጋ ግን አላስተማራትም፣ እሱም አያውቀውማ።

ሥራ አስኪያጁ አስር ከሩብ ላይ መጣ። መታወቂያዋን ከፊቷ ጋር አስተያየ።

"ሂሳቡን የከፈትሽው አንቺ ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለ?"

መልሱ ከሴትዮዋ መጣ። "እሷ ነች፤ ድምጿን አሁን ለየሁት። ስንት ትቆርጣላችሁ ብላ ፊት ለፊት የጠየቀችኝ ሌላ ሰው አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን የሌለ ፊርማ ፈረምሽ?"

"አላመንኳችሁም ነበራ።"

"አሁንስ?"

"አሁንም ግማሽ በግማሽ ነው።"

ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አዲስ ካርድ ገፋላት። በፈተና ወረቀት ላይ እንደምትጽፈው ሙሉ ስሟን አንድ በአንድ ጻፈች። ገንዘቡን ተቀብላ፣ ሰልፈኛው እያጉረመረመ፣ ሁለቴ ቆጠረችና ሮጠች።

የመኝታ ክፍል ኃላፊዋ መስኮቷን ልትዘጋ ስትል ደረሰች። ለአስራ አንድ ሰዓት አራት ደቂቃ ይቀራል።

"በመስኮት በኩል ያለውን አልጋ ጠዋት የከፈሉት ወስደውታል" አለች ኃላፊዋ። "የቀረው መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ያለው ነው። ትፈልጊዋለሽ?"

"እፈልገዋለሁ።"

ገንዘቡን መስኮቱ ላይ አኖረች። ደረሰኙ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ እጇ እስኪገባ ድረስ ግን መዳፏን ከላዩ አላነሳችም።